ሲዲ ሞቷል ያለው ማነው?

መቱ የገባነው በዝናብ ነው። ኢሉባቦርን የሚያውቅ ሰው ይህችን ዓረፍተ ነገር ዜና አይላትም፤ እዚያ ዜና የሚሆነው በዝናብ አለመግባት ነው። በጅማና በበደሌ አድርገን 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተንገላተን፣ ጭቃ የጠገበ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ስንዘልቅ ከሰው በፊት ዓይናችን ያረፈው ብፌው ላይ ነው። ዳንቴል ለብሶ፣ ግራና ቀኝ ሁለት የእንጨት ስፒከሮች እንደ አጃቢ አቁሞ የተጎለተ ሲዲ ማጫወቻ። (የፋብሪካውን ስም አንጠራም፤ ማስታወቂያም ሐሜትም እንዳይሆን።)

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ይሠራል?» አልናቸው አጎታችንን።

«ዲግሪ ይዛችሁ ቤት የተቀመጣችሁት እናንተ ትሠራላችሁ?» አሉን።

ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ መልስ አያልቅባቸውም። ልጃቸው ግን አላለፈቻቸውም። የውሃ ላስቲክ የምታክል የብሉቱዝ ስፒከሯን ከፍ አድርጋ «እኔ ስልኬ ላይ 2,000 ዘፈን አለኝ። እሳቸው 41 ሲዲ አላቸው፤ ከ41ዱ የትኛው እንደሚዘፍን ደግሞ እግዜር ይወቅ» አለች። ቡናው እስኪፈላ ክርክሩ ጦፈ፤ አሮጌው ይሻላል ወይስ አዲሱ? እኛ ጋዜጠኝነት ስንማር ሁለቱንም ወገን ስሙ ተብለናልና ዳኛ ሆነን ተሰየምን። ማንም አልሾመንም።

ከፍርዱ በፊት ግን ማጫወቻው እንዴት እዚህ ብፌ ላይ ሊወጣ እንደበቃ እናውጋ። (ዓመቶቹን የምንጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ እየቀነሳችሁ አንብቡ።)

የኢትዮጵያ ሙዚቃ መጀመሪያ ሸክላ ላይ የታተመው እዚህ ሳይሆን በርሊን ነው፤ በ1908፣ በነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ድምፅ። በዚያው ዘመን ኢሉባቦር ከአዲስ አበባ ይልቅ ፊቷን ወደ ሱዳን አዙራ ነበር። የአውራጃው ዋና ከተማ ጎሬ ነበረች፤ መቱ ተራዋን ያገኘችው በደርግ ጊዜ ነው። ጎሬ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበረባት። ቡናው በበቅሎ ተጭኖ ወደ ጋምቤላ ይወርዳል፣ ከዚያ በባሮ ወንዝ በእንፋሎት ጀልባ ወደ ሱዳን ይሻገራል፤ በመልሱ ጨውና ጨርቅ፣ ሌላም የፈረንጅ ዕቃ ይመጣል። ጀልባው ደግሞ የሚሄደው ባሮ ሲሞላ፣ በክረምት ብቻ ነው። በዚህ አገር ዕቃ እንኳ ዝናብ ጠብቆ ነው የሚገባው። በ1936 አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ስትወድቅ ጎሬ ለጥቂት ወራት የጊዜያዊው መንግሥት መቀመጫ ሆና እንደነበር ስንቶቻችን እናውቃለን? (እኛም ይህን የሰማነው ከዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ከአጎታችን ነው።)

ወደ ሸክላው እንመለስ። በ1948 በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ቲያትር ብቻ ተሰጠ። ያንን አጥር የጣሰው አምሃ እሸቴ የሚባል የሙዚቃ ቤት ባለቤት ሲሆን ዘመኑ 1969 ነው። ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ነበር፤ ማለትም የእኛ እኩያ። እኛ በዚህ ዕድሜ ብሎግ እንጽፋለን፣ እሱ የንጉሡን ድንጋጌ ጣሰ። የመጀመሪያ ሸክላው የዓለማየሁ እሸቴ ሆነ። ተሰማ እሸቴ፣ አምሃ እሸቴ፣ ዓለማየሁ እሸቴ፤ የሸክላ ታሪካችን የእሸቴዎች ታሪክ ይመስላል። ሸክላዎቹ የሚታተሙት ውጭ አገር ነበር፤ አምሃ አብዮቱ ከመጣ በኋላ በ1975 አገር ጥሎ ወጣ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሸክላም አብሮ ቀረ። አምሃና ዓለማየሁ ያረፉት በአንድ ዓመት ነው፣ በ2021።

ከዚያ በኋላ የነገሠው ካሴት ነው። ካሴት እንደ ኢሉባቦር ላለ አገር የተፈጠረ ይመስል ነበር። ባትሪ ድንጋይ ከተገዛለት መብራት አይፈልግም፣ ቢወድቅ አይሰበርም፣ ክሩ ቢወጣ በእስክሪብቶ ይጠቀለላል፣ ሲያስፈልግ ደግሞ በላዩ ሌላ ይቀዳበታል። መብራቱ ቀላል ነገር አልነበረም። ለመቱና ለአካባቢዋ የሚሆነው የሶር የውሃ ኃይል ማመንጫ ሥራ የጀመረው በ1990 ነው፤ አቅሙም 5 ሜጋ ዋት ነበር።

ሲዲ በዓለም ገበያ ላይ የዋለው ከዚያ ስምንት ዓመት አስቀድሞ፣ ኦክቶበር 1982 ጃፓን ውስጥ ነው። ሶኒና ፊሊፕስ አብረው የሠሩት ነው። አዲስ አበባ ያኔ በሰዓት እላፊ ነበር የምታድረው። የእኛ ዘፈን በሲዲ መውጣት ሲጀምርም ዋናዎቹ ሥራዎች የመጡት ከውጭ ነው። የአስቴር አወቀ «ካቡ» በ1991 አሜሪካ ውስጥ በትልቁ ኮሎምቢያ ኩባንያ ወጣ፤ ከ1997 ጀምሮ ደግሞ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የአምሃንና የሌሎቹን ሸክላዎች «ኢትዮጲክስ» እያለ ተራ በተራ በሲዲ አወጣ። የአባቶቻችን ሸክላ ዛሬ በጥሩ ድምፅ ከተሰማ ያዳነው ሲዲ ነው። ይህችን ያዙልን፣ ኋላ እንመለስባታለን።

እዚህ ቤት ግን ሲዲ ዕድሜ አልነበረውም። ሲዲ የሙዚቃ ቤቶቻችንን መደርደሪያ ከካሴት ጋር መጋራት በጀመረበት በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ ናፕስተር በ1999፣ አይፖድ በ2001 ወጥተው ዓለም ወደ ኤምፒስሪ እየገሰገሰ ነበር። እናም እኛ ሲዲ ብለን የገዛነው ብዙ ጊዜ ሲዲ አልነበረም። ቪሲዲ ወይም ዲቪዲ ማጫወቻ ገዛን፤ አንዷ ሲዲ ላይ ከ150 በላይ ዘፈን በኤምፒስሪ ታጭቆ፣ ከሽፋኑ የአስር ዘፋኝ ፎቶ ተለጥፎበት ከአዟሪ ገዛን። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410፣ በ2004 ወጣ፤ አዟሪው አዋጁን ማንበቡን እንጃ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሚሞሪና ፍላሽ መጡ። በመቱም በጎሬም በበደሌም (በደሌ ከ2016 ወዲህ የራሷ ዞን ከተማ ናት፣ ቅር እንዳይላት) «ሙዚቃ እንጭናለን» የሚሉ ሱቆች ተከፈቱ። ለእኛ ትውልድ ሙዚቃ እንደ ጤፍ በመጫን የሚመጣ ነገር ነው። እነዚያንም ሱቆች ዛሬ ቴሌግራም ሥራቸውን ቀምቷቸዋል።

እንግዲህ ወደ ችሎቱ።

አጎታችን ያቀረቡት ምስክር ከውጭ የተላከላቸው የጥላሁን ገሠሠ ሲዲ ነው፣ የኢትዮጲክስ 17ኛው። ልጃቸው ያቀረበችው ያንኑ ዘፈን ከሱቅ ያስጫነችውን ነው። እኛ ሦስተኛ ምስክር ጨመርን። ላፕቶፓችን አሮጌ ስለሆነ ሲዲ ይቀበላል (ለድህነታችን ያገኘንለት የመጀመሪያ ጥቅም)፤ ሲዲውን ምንም ሳንጨምቅ እንዳለ ገልብጠን ስልክ ላይ አስቀመጥነው። ማጫወቻው ከኋላው የውጭ ድምፅ መቀበያ ቀዳዳ አለው፤ ስልኩን በገመድ ሰካነው። ስለዚህ ሦስቱም ምስክሮች በዚያው አምፕሊፋየርና በዚያው የእንጨት ስፒከር ይናገራሉ ማለት ነው። ድምፃቸውን በተቻለን መጠን እኩል አደረግን። ከፍ ያለ ሁልጊዜ የተሻለ ስለሚመስል ይህ ካልተደረገ ፍርዱ ጉቦ የበላ ነው።

አጎታችን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀመጡ። «ተማሪ ስቀጣ እንዲህ ነበር የማስቆመው» አሉ።

መጀመሪያ ሲዲውንና የገለበጥነውን አሥር ጊዜ እያቀያየርን አሰማናቸው። አምስቱን አገኙ። ሳንቲም ብንወረውርም ያንኑ ያህል እናገኝ ነበር። «ስታታልሉኝ ነው የዋላችሁት» ብለው ተቆጡ። ቀጥሎ ሲዲውንና የልጃቸውን ቅጂ አሰማናቸው። ከአሥሩ ዘጠኙን አወቁ። እንዴት አወቁ? «የነሐስ መሣሪያዎቹ ይሄኛው ላይ ቆርቆሮ ናቸው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ጥላሁን ስንኙን ከመጀመሩ በፊት የሚስባት ትንፋሽ በሲዲው ላይ አለች፤ ልጅቱ ቅጂ ላይ ከጀርባዋ ካለው ሹክሹክታ ጋር ተደባልቃ ጠፍታለች።

ምክንያቱ ምስጢር አይደለም። ሲዲ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፣ እያንዳንዱን ልክ በ16 ቢት ይመዘግባል። ለሁለት ጆሮ ሲሆን በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ነው። ከሱቅ የሚጫነው ቅጂ ብዙ ጊዜ 128 ነው። ከአሥራ አንድ እጅ አንዱ ቀርቶ አሥሩ ተጥሏል ማለት ነው፤ ያውም የሚጣለው ጆሮ አይሰማውም ተብሎ የተገመተው ሲሆን፣ ቅጂው ከቅጂ ሲቀዳ ግምቱ በግምት ላይ ይደራረባል። ብሉቱዙም ከዚህ አይርቅም። በብዛት የሚሠራበት ማሸጊያ ጥራቱ ከፍ ሲል 328 ኪሎቢት ነው፤ ከሲዲው ሩብ አይሞላም። ማለትም ስልኩ ላይ ንጹሕ ሲዲ ብናስቀምጥ እንኳ ብሉቱዙ በመንገድ ላይ ይቀንስለታል።

እዚህ ላይ ግን ለአጎታችን ማድላት የለብንም። በውጭ አገር የ1980ዎቹን ማጫወቻዎች እያደኑ የሚገዙ፣ የድሮው ቺፕ ሙቀት አለው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኛ አላመንናቸውም። የመጀመሪያዎቹ የፊሊፕስ ማጫወቻዎች መቀየሪያቸው 14 ቢት እንጂ 16 እንኳ አልነበረም (በብልሃት ነበር ጉድለቱን የሚሞሉት)፤ ዛሬ ለስልክ ጆሮ ማዳመጫ የምትሰካው ጣት የማታክል መቀየሪያ በመለኪያ ትበልጣቸዋለች። ሙቀቱ ያለው ቺፑ ውስጥ ሳይሆን ትዝታው ውስጥ ነው። በሌላ በኩል ከሲዲ በላይ ነው እየተባለ በውድ የሚሸጠውም ጉድ ብዙ አያስኬድም። በ2007 ሜየርና ሞራን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ያንን ከፍተኛ የተባለ ቅጂ አንዴ እንዳለ፣ አንዴ በሲዲ ልክ እያሳለፉ ከ500 ጊዜ በላይ አስደመጡ፤ አድማጮቹ በተለመደው የድምፅ መጠን መለየት አልቻሉም። እንደ አጎታችን ሳንቲም ሲወረውሩ ዋሉ። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20,000 ንዝረት ነው የሚሰማው፣ ሲዲ ከዚያ ያልፋል፤ ትርፉን የሚሰማው ውሻ ነው።

የሚያስቀው ደግሞ ይህ ነው። አፕል በ2021፣ ስፖቲፋይ በ2025 «ምንም ያልተቀነሰለት ድምፅ» ብለው አዲስ ነገር አወጁ። ከአዲሱ ነገር መነሻው የሲዲ ጥራት ነው፤ የ1982ቱ ማለት ነው።

የልጅቱ ስፒከርስ? ያ ችሎት ሳይጀመር ነው ያለቀው። ወፍራም ድምፅ አየር መግፋት ይፈልጋል፤ የውሃ ላስቲክ የምታክል ዕቃ የቱንም ያህል ብትጮህ የእንጨት ሣጥንን ደረት አታገኝም። ሆኖም ወንዝ ዳር ይዛት ስትሄድ ሣጥኖቹ ብፌው ላይ ይቀራሉ። እሷም ይህን አንስታ ተሟገተች፣ መዝገብ ላይ አስፍረንላታል።

ስለዚህ ሲዲ ማጫወቻውን የጣለው ድምፅ አይደለም። ማን ጣለው? በኢሉባቦር መልሱን ለማግኘት መስኮት መክፈት ይበቃል። እርጥበት ነው። ሲዲ ላይ ያሉት መስመሮች እርስ በርስ የሚራራቁት 1.6 ማይክሮ ሜትር ነው፤ አንዲት የፀጉር ክር ብትጋደም ከ30 በላይ መስመር ትሸፍናለች። ይህን የሚያነበው ሌንስ፣ ጠጋኞች «ዓይኑ» የሚሉት፣ ጤዛና ሻጋታ ሲጋርደው ይደናበራል። ጭረት ሲሆን እንኳ መፍትሔ አለው፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ቢላጥ ማጫወቻው የጎደለውን በሒሳብ አስልቶ ይሞላዋል፣ እኛም አናውቅም። ዓይኑ ሲደክም ግን የሚሰላ ነገር አይኖርም። ከዚያ ደግሞ መብራቱ ይሄዳል፣ ሲመጣ ዘሎ ይመጣል፤ ስታቢላይዘር የሌለው ማጫወቻ አንድ ማታ ሽታ አውጥቶ ይሰናበታል። የአጎታችንን ዓይኑን የከተማዋ ጠጋኝ በጥጥና በአልኮል ጠርጎለት ነው እስካሁን ያለው። «ቀጣዩ ግን ዓይን መቀየር ነው፣ ዓይኑም አይገኝም» ብሏቸዋል።

ሲዲዎቹም እንደዚያው። በፋብሪካ የታተሙት አሉሚኒየም ናቸው፣ ሽፋናቸው ካልተላጠ ይቆያሉ። ቤት ውስጥ የተቃጠሉት ግን የሚያነበቡት በቀለም ነው፤ ቀለሙን ሙቀትና ብርሃን ይበሉታል። በክፍለ ሀገር ከተሞች ብዙ ሰው እጅ ያለው ሁለተኛው ዓይነት ነው።

እዚህ ስንደርስ ልጅቱ «ታዲያ ይጣላ! ሁሉም ኢንተርኔት ላይ አለ» አለች።

አባቷ «ያን ክረምት ረሳሽው?» አሏት።

ያን ክረምት ማለታቸው 2020 ነው። ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ ማግስት፣ ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋ። ልጅቱ ያኔ ዘፈን የምትሰማው ከድረ ገጽ ነበር፤ ስልኳ መስታወት ሆኖ ቀረ። አጎታችን ዘንድ የሃጫሉ የመጀመሪያ አልበም፣ በ2009 የወጣው «ሰኚ ሞቲ» በሲዲ ነበር። ጎረቤቱ እየተጠራራ በረንዳው ላይ ተቀምጦ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ሰው ዝም ብሎ አዳመጠ። ማጫወቻው ማንንም ፈቃድ አልጠየቀም። ልጅቱ ይህን ስትሰማ ዝም አለች። እኛም ብንሆን የምንለው አልነበረንም።

«ሁሉም ኢንተርኔት ላይ አለ» የምትለዋ ነገርም ትክክል አይደለችም። ዘፈኑ ሊኖር ይችላል። ሽፋኑን አገላብጡት እስቲ፤ ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ ይላል። የዘሪቱ ከበደ የ2005ቱ አልበም ወይም የእዮብ መኮንን «እንደ ቃል» ሽፋኑ ላይ የኤልያስ መልካ ስም አለ። የልጅቱ ስልክ ላይ ያው ዘፈን «ትራክ 07» ይባላል። አንዳንዱ ከነጭራሹ የጫነው ሱቅ ስልክ ቁጥር ነው ርዕሱ! ኤልያስ ከባልደረቦቹ ጋር በ2019 አውታር የተባለውን የሙዚቃ መተግበሪያ ሲያስጀምር ከነበረው ሐሳብ አንዱ ባለ ግጥሙም ባለ ዜማውም አቀናባሪውም ድርሻውን እንዲያገኝ ነበር። በዚያው ዓመት አረፈ። ድርሻ ለመክፈል ግን መጀመሪያ ስም ያስፈልጋል፣ ስሙ ደግሞ ያለው ብፌ ውስጥ እየሻገተ ባለ ወረቀት ላይ ነው።

የአምሃን ሸክላ ያዳነ ፈረንጅ ተገኘ። የ2000ዎቹን የመቱ ሲዲ ሊያድን ፋልሴቶ በበደሌ በኩል ሲመጣ አይታየንም።

እናም ዳኝነቱን ትተን ጸሐፊ ሆንን። ልጅቱ ሲዲውን በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር ትጠርጋለች (ዙሪያውን አይደለም፤ ዙሪያውን የተጫረ አይታከምም)፤ እኛ በአሮጌው ላፕቶፕ ሳንጨምቅ እንገለብጣለን፤ አጎታችን መነጽራቸውን አድርገው ከሽፋኑ ላይ ስሞቹን ያነቡልናል፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፤ እኛ እንጽፋለን። አንዳንዱ ስም ላይ ቆም ይሉና «ይሄ እኮ ጎሬ አስተምሬዋለሁ መሰለኝ» ይላሉ። መብራት በሄደ ቁጥር ቡና ይፈላል።

ይህን ስንጽፍ 23ቱ ተገልብጠዋል፣ 12ቱ ወረፋ ላይ ናቸው። ስድስቱ በላፕቶፑም በማጫወቻውም እምቢ ብለዋል። ከስድስቱ አንዷ ሽፋን የላትም፣ ላይዋም ላይ ምንም አልተጻፈም። አጎታችን የማን እንደሆነች ረስተዋታል፤ አንዴ ድምፁን ቢሰሙት ግን እንደሚያውቁት ይምላሉ።